የቃል ሠሪው ዳሌ

የሐኪሞቹ ጉባኤ አልጋው ዘንድ ሲደርስ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ፤ የሆስፒታሉን ሸሚዝ አንገትጌ አስተካከለ፤ ለመደመጥም ተሰናዳ። ዞር ብሎ ያየው ግን አልነበረም። የሁሉም ዓይን ያረፈው በመስኮቱ ብርሃን ላይ በተደቀነው ራጅ ላይ ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ ነጣ ያለ ስፍራ ጠቆም አድርጋ «ፌሞራል ኔክ፤ ዲስፕሌስድ» አለች። ከኋላዋ የቆሙት ወጣቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፊክሴሽን ይሻላል ወይስ ሄሚ?» ሲል አንዱ ጠየቀ።

«ዕድሜያቸው ድንበር ላይ ነው። በሁለቱም በኩል መከራከር ይቻላል።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ አዘጋጁ ጨብጦ ያስቀረው «ዕድሜያቸው» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚያስደስት ቃል አልነበረም።

«ይቅርታ፤ የምትነጋገሩት ስለ እኔ ከሆነ እኔም ልስማው» አለ።

«እየሰሙ እኮ ነው፣ አባቴ» አለች ቀዶ ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከራጁ ሳትነቅል።

«መስማትማ እሰማለሁ፤ የተሰበረው ጆሮዬ አይደለም! በገዛ ቋንቋዬ ንገሩኝ ነው የምለው። የራሴን ዳሌ ባዕድ አታድርጉብኝ!»

ድምፁ ካሰበው በላይ ጎልቶ ወጣ። በር ላይ መድኃኒት ስታድል የነበረችው ነርስ ቀና አለች። በጎን ካለው አልጋ፣ እግሩ በገመድና በክብደት ተወጥሮ የተሰቀለው የከባድ መኪና ሾፌር «እሰይ ጋሼ! ይንገሩልን!» ብሎ አጨበጨበ።

ሌላ ሰው ይህን ቢል የበሽተኛ ቁጣ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አዘጋጁ ግን ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ጉዳይ ነው። ለውጭው የሳይንስ ቃል ሁሉ አገርኛ አቻ እንዲያበጅ የተቋቋመ አንድ ጉባኤ ነበር፤ የዚያ ጉባኤ የሕክምና ክፍል ሰብሳቢ እርሱ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ሻይ እየቀዘቀዘባቸው፣ ለእያንዳንዷ አጥንትና ጅማት፣ ለእያንዳንዱ ስብራትና ውልቃት ከጥንቱ ቋንቋ ማኅፀን ቃል ሲያዋልዱ ኖረዋል። ከዚያ ጉባኤ የወጣው መዝገበ ቃላት ጥራዙ ከበድ ያለ፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፣ አንባቢው ግን ጥቂት ነበር። አዘጋጁ ይህን ያውቅ ነበር፤ ማወቅና በገዛ ዳሌ ላይ ሲደርስ ማየት ግን ለየቅል ሆነበት። ደረጃ እየወረደ ሲያነብብ፣ የመጨረሻውን እርከን መሬት መስሎት ስቶ ወደቀና እዚህ መጣ፤ ከመጣም ወዲህ ከአንድ ሐኪም አፍ እንኳ ከነዚያ ቃላት አንዱን አልሰማም።

ቀዶ ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ከወጣቶቹ መካከል መነጽር ያደረገውን ቀጭን ልጅ በአገጯ ጠቆመች።

«አንተ አስረዳቸው። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልጉ ጠይቀህ ንገረኝ። ነገ ጠዋት እናስገባቸዋለን።»

የሐኪሞቹ ጉባኤ ወደሚቀጥለው ክፍል ፈሰሰ። ወጣቱ ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀመጠና አልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ስም አነበበ። ደግሞ አነበበው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይቅርታ፤ እርስዎ… አረንጓዴውን መዝገብ ያዘጋጁት ነዎት?»

«ሰብሳቢው ነበርኩ» አለ አዘጋጁ፣ ትሕትናው ከኩራት በማይለይ ድምፅ።

«የሕክምና ትምህርት ስጀምር ነው የገዛሁት! በቃሌ ነው የማውቀው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እስከ ዛሬ የማወራበት ሰው አላገኘሁም።» ልጁ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ፤ ጉሮሮውንም ጠራረገ። «እንግዲያው በራስዎ ቃል ላስረዳዎ። የደረሰብዎ ስብረተ አንገተ ጭን ነው፤ ፍልሰት አለው። ፍልሰት ስላለው ነጥፈ ደም ያሰጋል። ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ውስጠ ጽንዓት ነው፤ ርእሰ ጭኑ ይተርፋል፤ ነገር ግን ወቅተ ኢጾር ይኖራል፤ ኢውህደትም ሊከተል ይችላል። ሁለተኛው ከፊለ ትክ ነው፤ በዚህ ምልአተ ጾር ወዲያው ይፈቀዳል።»

አዘጋጁ ዓይኖቹን ጨፈነ። ጌጥ የለበሱ ቃላት በፊቱ ሰልፍ ሠርተው አለፉ። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የተወለዱበትን ቀን፣ በማን እጅ እንደተገረዙ፣ ማን እንደደገፋቸውና ማን እንደነቀፋቸው ሳይቀር ያስታውሳል። «ነጥፈ ደም» የጸደቀው የስብሰባው ክፍል መስኮት በነፋስ በተሰበረበት ከሰዓት በኋላ ነው። «ጾር» የሚለውን ሥር ለማስገባት ሁለት ሳምንት ተከራክሯል። «ውስጠ ጽንዓት» ደግሞ የራሱ ነው፤ ከጉባኤው ቃላት ሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ በስብሰባ ላይ ሲያነበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነበው። «ከፊለ ትክ» ግን የባላንጣው ነበር፤ አሁን በሕይወት የሌለው፣ በያንዳንዱ ቃል ላይ ሲነታረከው የኖረው የሰዋስው ሊቅ። «ትክ! ይህ ቃል ነው ወይስ የግድግዳ ሰዓት?» ብሎት ነበር አዘጋጁ ያን ዕለት። ድምፅ ተሰጠና ሟቹ አሸነፈ። ቁርሾው እስከ ቀብሩ ዘለቀ።

ይህን ሁሉ ያስታውሳል። የማያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃላቱ በአንድ ሰው እግር ላይ ምን እንደሚያደርጉ። ነጥፈ ደም የት ነው የሚነጥፈው? ወቅተ ኢጾር ስንት ቀን ነው፣ ሰውየውስ በዚያ ወቅት ምን ያደርጋል? ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሐኪም ተቀምጧል፣ የቋንቋ ሊቅ ተቀምጧል፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ግን አንድም ቀን አልተቀመጠም።

መጠየቅ ይችል ነበር። «ልጄ፣ ቃሉን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ነገሩን ግን አላውቀውም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ነገር ግን ገና ከጥቂት ደቂቃ በፊት ክፍሉን ያናወጠ ጩኸት ጮኋል። በገዛ ቋንቋዬ ብሎ አዝዟል፤ የታዘዘውም ቀርቦለታል። ልጁ ደግሞ እንደዚያ አድርጎ እያየው! አሁን ተመልሶ «አልገባኝም» ማለት የገዛ ልጁን ስም ከጎረቤት እንደሚጠይቅ አባት መሆን መስሎ ታየው።

«ገባኝ» አለ።

«ጥያቄ አለዎት?»

«ምንም።»

«የትኛውን ይመርጣሉ ታዲያ?»

«ውስጠ ጽንዓት» አለ አዘጋጁ፤ በልማዱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዳሌው በሟቹ ቃል እንዲታከምለት እንዴት ብሎ ይፈቅዳል?

ወጣቱ ሐኪም ተነሥቶ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠውና እየተጣደፈ ወጣ። ሾፌሩ በትራሱ ላይ ተገላብጦ ፊቱን ወደ አዘጋጁ አዞረ። ይህ ሰው ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ ስለቆየ «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል፤ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ሐኪሞቹ ያሉትን ሳይጠየቅ የሚተረጉመው እርሱ ነው።

«ምን ሊያደርጉዎት ነው ጋሼ?»

«ውስጠ ጽንዓት።»

«እህ! ብሎን ማለት ነዋ!» አለ ሾፌሩ ያለ አንዳች ማመንታት። «ጎሽ! ደግ አደረጉ። ብሎን የገባለት ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ስንቱን በዓይኔ አይቼ! መለዋወጫ የሚገባለት ነው ጉዱ የሚፈላው። ኦሪጂናሉ ዕቃ አንዴ ከወጣ ያ መኪና መኪና አይደለም፤ ቢሸጡትም የሚገዛው የለ።»

በሌላ ቀን ቢሆን አዘጋጁ እንዲህ ያለውን ንግግር በፈገግታ ያልፈው ነበር። ያን ዕለት ግን ልቡ በአንዴ ተረጋጋለት፤ በማግስቱ ተነሥቶ የሚሄድ ከሆነ እንግዲህ ምን ቀረ? እንዲያውም ጥቂት አሸለበው።

የነቃው ከምሳ በኋላ፣ የአካል ማገገሚያ ባለሙያዋ ሁለት የብብት ክራንች ይዛ ስትመጣ ነው። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ክራንቾቹን ከቁመቱ ጋር አስተያየች።

«እነዚህ የእርስዎ ናቸው። ከነገ ወዲያ እንለማመዳለን። አደራዎን፣ ይቺ እግር ለሦስት ወር መሬት አትነካም።»

«ማ? የትኛዋ እግር?»

«የተሰበረችው ናት እንጂ!» ብላ ሳቀች። «ብሎን ያለበት አጥንት እስኪገጥም ጭነት አይችልም። ከረገጡባት ብሎኑ ያፈተልካል። ምናልባት ከሦስት ወርም ያልፍ ይሆናል፤ በራጅ እያየን ነው።»

ወቅተ ኢጾር። ቃሉ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ነገሩን አስከትሎ መጣ። አዘጋጁ ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ ፕሮፌሰሩ ጣሪያውን በጥሞና እየመረመረ ነበር።

ሦስት ወር። አዘጋጁ ለራሱ ቢሆን ሦስት ወር ተኝቶ ማንበብ ጸጋ ነው ብሎ ሊቀበለው ይችል ነበር። ነገሩ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ፣ የቀድሞዋ የጂኦግራፊ መምህርት፣ የዓይኗ ብርሃን እየጠበበ ሄዶ አሁን ከመስኮት የሚገባውን ወገግታና የሰው ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ማንንም አትፈልግም፤ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ የምድጃውን ማዞሪያ፣ የትኛው ወንበር እግሩ እንደሚወላገድ ታውቃለች። ከበሩ ውጭ ግን ዓለሟ የእርሱ ክርን ነው። በየጠዋቱ ክርኑን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች፤ ዳቦ ቤቱ ድረስ፣ አንዳንዴም አደባባዩ ድረስ ይሄዳሉ፤ መንገዱን ሙሉ አፏ አያርፍም፤ በተራራና በወንዝ እያመሳሰለች ጎረቤቱን ሁሉ ታማዋለች። አሁን እርሱ በአንድ እግሩ ሲንጠለጠል እርሷ ምኑን ትይዛለች?

ይህን ጥያቄ ከእርሱ ቀድማ ያነሣችው ሴት ልጁ ነበረች። ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ በአደጋው ማግስት ደርሳ፣ ከሰዓት በኋላ በጉብኝት ሰዓት እናቷን ደግፋ ገባች። ወንበር ፈልጋ አስቀመጠቻት፤ የአባቷን ግንባር ሳመች፤ ጊዜም አላጠፋችም።

«አባዬ፣ ሁሉንም አስተካክያለሁ። ባለሙያዋን ኮሪደር ላይ አግኝቻት ነግራኛለች። አንተ ከዚህ ስትወጣ ማገገሚያ ቤት ትገባለህ፤ ቦታ ይዤልሃለሁ። እማዬ ደግሞ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

«ማን አለ?» አለች እናት።

«እማዬ፣ ተነጋግረናል እኮ።»

«አንቺ ተናግረሻል፤ እኔ ሰምቻለሁ። እሱ መነጋገር አይባልም። ያንቺን ከተማ አላውቀውም። ቤትሽ ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው መጥራት አለብኝ። እዚህ ግድግዳውን አውቀዋለሁ።»

«ግድግዳ ማወቅ ምን ያደርግልሻል? ደረጃውን ማን ያወርድሻል? ብትወድቂስ? ሁለታችሁንም በየአልጋችሁ ልጠይቅ ነው?» የልጅቷ ድምፅ ተሰነጠቀ። ክፋት አልነበረባትም፤ ፍርሃት ነበረባት። የስልኳን ጥሪ ሰበብ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ባለቤቱ እጇን በአንሶላው ላይ አሳስባ የእርሱን እጅ አገኘችው።

«ሌላ መንገድ አልነበረም?»

«ነበር» አለ አዘጋጁ።

«ወዲያው የሚያስቆም?»

«… አዎን። ይመስለኛል። ምልአተ…» ብሎ ተወው።

«ታዲያ ለምን አልመረጥክም?»

አዘጋጁ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ስለ ርእሰ ጭን አወራ፤ የራስን አጥንት ማቆየት ስላለው ክብር አወራ። ባለቤቱ ግን በዓይን ፈንታ በጆሮ ማየት ከጀመረች ቆይታለች።

«ቃሉ የማን ነበር?» አለችው በድንገት።

አዘጋጁ በነጻ እጁ ትራሱን ማስተካከል ጀመረ።

«የሟቹ ነበር። አይደል?»

«ቃሉ አስቀያሚ ነው!» አለ አዘጋጁ፤ የቀረው መከላከያ ይህ ብቻ ስለነበረ። «ትክ! ትክ! አንቺው ስሚው እስኪ!»

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቋ ክፍሉን ሞላው፤ ሾፌሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

«ወይ አንተ ሰውዬ! አፈር ከለበሰ ሰው ጋር ስትከራከር ዳሌህን አስያዝክ? እግርህን ሊቆርጡት ቢመጡ፣ ቃሉ ካማረህ ‹እንዴታ!› ልትል ኖሯል!» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሳቁ ከፊቷ እየለቀቀ ሲሄድ ለአዘጋጁ ታየው፤ ባይሄድ ምን ነበረበት! «እኔ ላንተ ዓይኔ ነህ እልሃለሁ። ለካ ዓይኔ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው።»

የጉብኝቱ ሰዓት አለቀ። ልጅቷ እናቷን ደግፋ ወሰደቻት፤ ባለቤቱ በሩ ላይ ስትደርስ በልማዷ እጇን ወደ ግራ ዘረጋች፤ የእርሱ ቦታ በግራ ነው። ልጅቷ ግን በቀኝ ነበረች።

አዘጋጁ የጥሪ ደወሉን ተጫነው። ቆይቶ ደግሞ ተጫነው። ነርሷ መጣች።

«ምርጫዬን መለወጥ እፈልጋለሁ።»

«የምግብ ነው?»

«የኦፕራሲዮን!»

«እሱማ ተላልፏል፣ አባቴ። የነገው ፕሮግራም ወጥቷል። ዕቃውም ተዘጋጅቷል።»

«እግሩ የኔ ነው እኮ! ሐኪሟን ጥሪልኝ።»

«ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች።»

«ወጣቱንስ? ባለ መነጽሩን።»

«ተራው አልቆ ወጥቷል።»

«እና ለማን ነው የምናገረው?»

«ነገ ጠዋት ይነግሯቸዋላ።»

«ነገ ጠዋት ቢላዋ ይዘው ሲመጡ?»

ነርሷ ትከሻዋን ሰበቀች፤ የራሷ ጥፋት ባልሆነ ነገር ሲጮኹባት የኖረች ሴት ትከሻ ነበረ። «እኔ ምን ላድርግ? ማስታወሻ እተዋለሁ» ብላ ሄደች። አዘጋጁ ግድግዳውን እያየ ቀረ። ቁጣው የሚያርፍበት ሰው አጣ፤ ነርሷ ዘንድ ሄዶ ተመለሰ፤ ወጣቱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተመለሰ፤ ሟቹ መቃብር ድረስ ወርዶ ተመለሰና በመጨረሻ ከራሱ አልጋ ላይ ወጥቶ ተጋደመ።

ጠዋት፣ ባዶ ሆዱን እንዳለ፣ ሁለት ሰዎች ባለ መንኰራኩር አልጋ እየገፉ መጡ። ከኋላቸው ቀዶ ሐኪሟ አረንጓዴ ቆቧን አጥልቃ፣ ከጎኗም ወጣቱ ሐኪም ትናንት ያገኘውን ወዳጅ ሊሸኝ ፈክቶ መጣ። የማስታወሻ ነገር ያነሣ የለም። ሰዎቹ አንሶላውን በአራት ማዕዘን ጨብጠው ሊያነሡት ሲሉ አዘጋጁ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨመደደው።

«ቆዩ!»

«ምነው አባቴ? ፈሩ?» አለች ቀዶ ሐኪሟ።

«አልፈራሁም። አልገባኝም።»

«ትናንት ተብራርቶልዎት እሺ ብለዋል አይደል እንዴ?»

«ብያለሁ።» አዘጋጁ ወደ ወጣቱ ሐኪም ላለማየት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። «ይህ ልጅ በሚገባ አስረድቶኛል። ቃሎቹ የኔ ናቸው፤ እኔ ነኝ የሠራኋቸው። ምን ማለት እንደሆኑ ግን አላውቅም። ለመጠየቅ አፍሬ ነው።»

በልጁ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን መጥፋቱን አዘጋጁ ወዲያው አላስተዋለም። ቀዶ ሐኪሟ ወደ ልጁ ዞረች።

«በምን ነበር ያስረዳሃቸው?»

«በ… በመዝገቡ ቃል። እሳቸው ራሳቸው ያዘጋጁት ስለሆነ…»

«እግዚኦ!» አለች። ሰዓቷን አየች፤ የሚጠብቋትን ሰዎች አየች፤ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አንድ እጇን ጨብጣ በሌላው መዳፏ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ይዩኝ። ቡጢዬ የጭንዎ አጥንት ራስ ነው። መዳፌ ደግሞ የዳሌዎ ጎድጓዳ ነው። ሲሄዱ እንዲህ ይሽከረከራል። የተሰበረው እዚህ ጋ፣ አንጓዬ ላይ ነው፤ አንገቱ እንለዋለን። ተሰብሮም ከቦታው ተንሸራቷል። አሁን ችግሩ ምንድን ነው? ቡጢው ደም የሚያገኘው በዚህ አንገት በኩል ነው። ገባዎት?»

«ቀጥይ።»

«በብሎን ብናስረው የራስዎ አጥንት ይቀርልዎታል። ከገጠመ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ላይገጥም ይችላል፤ ደም ካልደረሰው ደግሞ ቡጢው ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ያኔ ተመልሰን እንከፍትዎታለን። እስኪገጥም ሦስት ወር አይረግጡም። ሁለተኛው፣ ቡጢውን አውጥተን ብረት እንተካለን። ነገ ይቆማሉ። ግን ብረት ብረት ነው፤ ሊወልቅ ይችላል፤ አቀማመጥዎን መጠንቀቅ አለብዎት፤ ዕድሜ ከሰጠዎ አንድ ቀን ያልቅና ይለወጣል። ሁለቱም ያስኬዳል። የሚወስነው እግሩ ሥራው ምንድን ነው የሚለው ነው። እግርዎ ምን ይሠራል?»

አዘጋጁ በዚያ ሁሉ የስብሰባ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም። መልሱ ግን ሳይፈለግ መጣ።

«ባለቤቴን ደረጃ ያወርዳል። ዓይኗ አያይም፤ እኔን ነው የምትይዘው።»

«ታዲያ ይህን ትናንት አይነግሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ግን ማንም ቢጠይቀው ኖሮ የሚመልሰው በሌላ ቋንቋ እንደነበር ገብቶት ተወው። «ሁለተኛውን» አለ። ልጁ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አዘጋጁ ወደ እርሱ ዘወር አለ። «ከፊለ ትክ» አለ፤ ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮውን ቧጥጦ ወጣ።

«ምን?» አለች ቀዶ ሐኪሟ።

«ሄሚ ማለታቸው ነው» አለ ወጣቱ፣ ቀና ሳይል።

ቀዶ ሐኪሟ ተነሣች። አሁን ቁጣው የእርሷ ነበር። የተዘጋጀው ዕቃ የብሎን ነው፤ ሌላው ከመጋዘን መምጣት አለበት፤ ተረኛው ሌላ በሽተኛ ይገባል፤ አዘጋጁ ወደ ሰልፉ ጫፍ ይሄዳል፤ ውኃም እንዳይቀምስ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አዝዛ ወጣች። የሚገፋው አልጋ ባዶውን ተመለሰ።

«እንዴ ጋሼ!» አለ ሾፌሩ። «ኦሪጂናሉን ሊያስወጡት? እኔ እኮ ነግሬዎታለሁ!»

«አንተ ዝም በል፤ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ካንተ የወሰድኩት፤ እሱም ሦስት ወር ሊያስከፍለኝ ነበር።»

«በማግስቱ የሄደ ሰው አይቻለሁ፤ እውነቴን ነው» አለ ሾፌሩ፤ ጥቂት አስቦም «እጁ ነበር እንዴ የተሰበረው?» አለ።

ተራው የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ሆዱ ከጀርባው ከተጣበቀ፣ ከንፈሩም ከደረቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ የማገገሚያ ባለሙያዋ ክራንቾቹን መልሳ ወሰደችና አራት እግር ያለው የብረት መራመጃ አመጣች። አስቀመጠችው፤ አስነሣችው፤ አቆመችው። ዳሌው ጮኸ። ወለሉ ግን ከእግሩ ሥር ነበር።

ሴት ልጁና ባለቤቱ የገቡት ያን ጊዜ ነው።

«ቆሟል!» አለች ልጅቷ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«የት?» አለች እናቷ።

«ከፊትሽ፣ እማዬ። ቀጥ ብሎ።»

ባለቤቱ የልጇን ክንድ ለቅቃ ወደ ድምፁ መጣች። አዘጋጁም፣ ለዚህች ቅጽበት ሲል የሟቹን ቃል የዋጠው ሰው፣ ክርኑን ሊሰጣት አሰበ፤ እጁን ከመራመጃው ባላቀቀ ጊዜ ግን ዓለም ዞረበት፤ ባለሙያዋ በወገቡ ቀለበችው።

«ሁለቱም እጅዎ ብረቱ ላይ! አንድም ጊዜ እንዳይለቅቁ!»

«ክንዴን ልሰጣት ነው እንጂ!»

«ክንድ ገና ነው። ደረጃም ገና ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል።»

አዘጋጁ ጥርሱን ነከሰ። ራሱን አዋርዶ፣ አጥንቱን አስወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ተርቦ ቆመ፤ ሁለት እጅ አለው፤ ሁለቱም ተይዘዋል። «ታዲያ ምኑን ነው የቆምኩት!» አለ።

ልጅቷ አባቷን አየች፤ እናቷን አየች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ሳምንታት ከሆነ እኔ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለች። «እናንተ ቤት እሆናለሁ። የማገገሚያ ቤቱን እሰርዘዋለሁ። ሦስት ወር አልችልም ነበር እንጂ ሳምንታትማ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

እናቷ የሰማች አትመስልም ነበር። በጣቶቿ የመራመጃውን ብረት አግኝታ፣ ቱቦውን ተከትላ፣ ጥጉን ዞራ፣ እጁ ላይ ደረሰች። እዚያ አልቆመችም። በእጁ ወደ ላይ ወጣች፤ በግራ እጇ የሆስፒታሉን ሸሚዝ ክርኑ ላይ ጨምድዳ ያዘችው።

«በቃኝ፤ ይዤሃለሁ» አለች። «የት ነው የምንሄደው?»

«መስኮቱ ድረስ» አለች ባለሙያዋ፤ አንድ እጇ አሁንም ወገቡ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ በአንደኛ ማርሽ!» አለ ሾፌሩ።

በሩ ላይ ወጣቱ ሐኪም ቆሞ ነበር፤ ሊገባና ሊመለስ የተቸገረ ይመስላል። መነጽሩን ገፋ አደረገ። «ምልአተ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። «ሲረግጡበት ያምዎታል?»

«በጣም ያመኛል፣ ልጄ። ግባና እየው እንጂ፤ በር ላይ አትቁም።»

አዘጋጁ መራመጃውን ገፋ፤ የታከመውን እግር አስከተለ፤ ቆመ። ባለቤቱ አብራው ቆመች።

«ሩቅ ነው እንዴ መስኮቱ?»

«ቅርብ ነው።»

«ውሸታም። እየተነፈስክ ያለኸው የሩቅ ትንፋሽ ነው።»

አዘጋጁ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። «እሺ፤ ሩቅ ነው» አለ፤ መራመጃውንም ደግሞ ገፋ።